የአናጢ ቤት ቃላት፦ ጅማ ላይ የቤት ዕቃ ለምታሠሩ ደረጃ በደረጃ

ሶፋ ወይም ቁም ሳጥን ሊያሠራ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ስልኩ ላይ ያለ ፎቶ ነው። «ልክ እንደዚህ አድርጉልኝ» ይላል። አናጢው «ችግር የለም» ይላል። ቀብድ ይከፈላል። ፎቶው ግን ቅርጹን ብቻ ነው የሚያሳየው። ውስጡ ምን እንጨት እንደሆነ፣ ስፖንጁ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ ጀርባው በምን እንደተዘጋ አይናገርም። እነዚህን በስማቸው ጠርቶ ያልተነጋገረ ደንበኛ አናጢው የመረጠለትን ተቀብሎ ይሄዳል።

ጅማ ላይ ይሄ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። ከተማችን በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ናት። ከበልግ የጀመረው ዝናብ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይዘልቃል። አየሩ እርጥብ ነው፣ ግድግዳውም እርጥበት ይስባል። ደረቅ አገር ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ እዚህ ከግርጌው ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ከቀለሙና ከዲዛይኑ በፊት የሚሠራበትን ነገር ስም እንወቅ።

አንደኛ፦ ከበሩ ጀምራችሁ ለኩ

ሜትር ያዙና መጀመሪያ የምትለኩት ክፍሉን ሳይሆን በሩን ይሁን። ኤል ሼፕ (ጥግ ይዞ የሚዞር) ሶፋ ሳሎኑ ውስጥ ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ በሩ ላይ ግን ይቀራል። ጠባብ ኮሪደር ወይም ደረጃ ካለ እሱም ይለካ። መግቢያው ጠባብ ከሆነ ለአናጢው «ተፈታቶ የሚገጠም ይሁን» በሉት።

አናጢ ቤት ሦስት ቃላት አሉ፦ ወርድ፣ ቁመት፣ ጥልቀት። ወርድ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ቁመት ከወለል ወደ ላይ ነው። ጥልቀት ደግሞ ከፊት ወደ ግድግዳው ነው። ልኩን ስትሰጡ ቁጥሩን ብቻ አትንገሩ። «2 በ1.80» ከተባለ የትኛው ወርድ፣ የትኛው ቁመት እንደሆነ ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ይረዳዋል።

ቤታችሁ የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ለኩ። ከሦስቱ ትንሹን ያዙ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚገጠም ቁም ሳጥን ከሆነ ደግሞ አናጢው ራሱ መጥቶ ቢለካ ነው የሚሻለው።

አልጋ ላይ ሌላ ነገር አለ። «ሜትር ከሃያ»፣ «ሜትር ከሃምሳ»፣ «ሜትር ከሰማንያ» የሚባለው የፍራሹ ወርድ ነው። የአልጋው የውጭ ልክ ከዚያ ይሰፋል፤ ራስጌው ወፍራም ከሆነ ርዝመቱም ይጨምራል። ፍራሹን አስቀድማችሁ ከገዛችሁ ልኩን ከነርዝመቱ ይዛችሁ ሂዱ። 1.90 ርዝመት ያለው ፍራሽ 2 ሜትር ላይ ሲተኛ ግርጌው ላይ ክፍተት ይቀራል፤ ሌሊቱን ሙሉም ይንሸራተታል።

ሁለተኛ፦ እንጨቱን በስሙ ጥሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ የሚሄደው እዚህ ነውና።

ዋንዛ የአገራችን የቤት ዕቃ ንጉሥ ነው። ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው፣ ለመላግ ይመቻል፣ ክብደቱ መካከለኛ ነው። የጠቆረው ልቡ ጠንካራ ነው። ከቅርፊቱ አጠገብ ያለው የነጣው ክፍል ግን ነቀዝ ይወደዋል። ስለዚህ «ዋንዛ ነው» ሲሏችሁ «ልቡ ነው ወይስ ነጩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን አንዲት ጥያቄ ስትጠይቁ አናጢው ዕቃ የሚያውቅ ሰው እንደመጣበት ይገባዋል።

ዝግባ ቢጫ ያዘለ፣ ልሙጥና ደስ የሚል እንጨት ነው። ቀለም በደንብ ይቀበላል። ምስማር ሲመታበት ግን ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ላይ ከቆየም ይጠቁራል፣ ነቀዝም ይገባዋል። ስለዚህ ለውስጥ ዕቃ እንጂ ለበረንዳ አልመርጠውም። ጥድ ሽታው ያስታውቃል፤ ምስጥም አይደፍረውም። ጥቁር እንጨት ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለጠረጴዛ እግር ይመቻል፣ ዕቃውን ስትሸከሙት ግን ክብደቱ ይሰማችኋል። ግራቪሊያ ሲላግ ገጹ ላይ የሚያምር ዥንጉርጉር መስመር ያወጣል፤ ከቡና ጥላነቱም እናውቀዋለን። ባህር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ሳይደርቅ ከተሠራበት ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም።

ዋንዛና ዝግባ፣ ጥድም ጭምር፣ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ሕግ የሚጠብቃቸው የአገር በቀል ዛፎች ናቸው። ብዙ ጣውላ የምታሠሩ ከሆነ እንጨቱ ከየት እንደመጣና ወረቀት እንዳለው ጠይቁ። ለእናንተም ሆነ ለአናጢው ከጣጣ ያድናል። ለደናችንም ነው።

የደረቀ ነው ወይስ እርጥብ? ከእንጨቱ ዓይነት ቀጥሎ የሚመጣው ይሄ ነው። እርጥብ እንጨት ተሠርቶ ቤት ከገባ በኋላ ይደርቃል፤ ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፣ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ለዚህ ነው የጠረጴዛ ገጽ መሐሉ ላይ የሚከፈተው፣ የቁም ሳጥን በርም አልዘጋ የሚለው። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ይህ በግምት የሚሠራበት ልክ ነው። በእጅ ለመፈተሽ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች አንሱ። አንዱ በግልጽ ከከበደ ገና ውሃ አለው። መዳፋችሁን ስታስጠጉበት ቀዝቀዝ ካለ፣ ሲንኳኳም ድምፁ የታፈነ ከሆነ አልደረቀም።

ወደ ፋብሪካ ሰሌዳዎቹ ስንመጣ ሦስት ስሞች አሉ። ኤምዲኤፍ የደቀቀ የእንጨት ክር በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ ልሙጥ ነው፣ ጠርዙ ሲቆረጥ እንደ ካርቶን የተመሳሰለ ሆኖ ይታያል። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀበት ነው፤ ጠርዙ ላይ ፍርፋሪው በዓይን ይታያል፣ ብሎንም እንደ ኤምዲኤፍ አጥብቆ አይዝም። ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጠላልፈው የተለጠፉበት ነው። ጠርዙን ካያችሁ ንብብሩን ትቆጥሩታላችሁ። ከሦስቱ እርጥበትን የሚችለው ጥሩ ኮምፔንሳቶ ነው።

ኤምዲኤፍ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ተመልሶ አይቀመጥም። ላዩ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ሜላሚን ወይም ላሚኔት ይባላል። እሱ ውሃ አያስገባም። ውሃው የሚገባው ባልተሸፈነው ጠርዝ በኩል ነው። ጠርዙን የሚሸፍነው ስስ ጥብጣብ ኤጂንግ ይባላል። ስለዚህ ፈርኒቸር ቤት ስትገቡ በሩን ከፍታችሁ ውስጡን ብቻ አትዩ። ጎንበስ ብላችሁ የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። ሻካራና ቡናማ ከሆነ አልተሸፈነም ማለት ነው። ብዙ ሠራተኛ የሚታየውን ፊት ሸፍኖ የታችኛውን ይተወዋል። ቤታችን ደግሞ ወለል በውሃ ይወለወላል፤ ለቡና ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ያ ሁሉ እርጥበት የሚያርፈው እዚያች ያልተሸፈነች ጠርዝ ላይ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አድርጉ። ከታች ጭምር ኤጂንግ ይደረግ። ዕቃውም ወለል ላይ በደረቱ አይተኛ፤ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ወይም የብረት እግር ይኑረው። መሐሉ አረንጓዴ ቀለም ያለው እርጥበት የሚቋቋም ኤምዲኤፍም አለ። ለወጥ ቤት ካቢኔት ካገኛችሁት ውሰዱት፤ ግን ቀለሙ ምልክት ብቻ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይነከር ማለት አይደለም።

ውፍረትም ይጠየቃል። ለቁም ሳጥን አካል 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው። ጀርባው ብዙ ጊዜ በ3 ሚሊ ሜትር ይዘጋል። መጽሐፍ ለሚሸከም መደርደሪያ 16ቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተዘረጋ መሐሉ ይጎብጣል። «መሐሉ ላይ ድጋፍ አስገባ» በሉት።

ሦስተኛ፦ ሳሎኑ

ኤል ሼፕ ጥግ ይዞ የሚዞረው ሶፋ ነው። ስታዙ ረጅሙ ጎን በግራ ይሁን በቀኝ ተናገሩ፤ «በግራ» ሲባልም ሶፋውን ከፊት ሆኖ እያዩት ነው ወይስ ተቀምጠውበት የሚለውን ተስማሙ። «3-2-1» የሚባለው ባለሦስት፣ ባለሁለትና ባለአንድ መቀመጫ ተለያይተው የሚቀመጡበት ነው። ቤት ለሚቀያይር ተከራይ ይሄኛው ይሻለዋል እላለሁ፤ ኤል ሼፕ ለአንድ ሳሎን ይሠራና ለሚቀጥለው አልሆን ይላል።

መጅሊስ ጅማ ላይ በብዙ ቤት አለ። ዝቅ ብሎ በግድግዳው ዙሪያ የሚዘረጋ መቀመጫ ነው፤ ከነመደገፊያ ትራሱና ከነክንድ ማሳረፊያው ይታዘዛል። ብዙ እንግዳ ለሚቀበል፣ አብሮ ለሚበላና ለሚያፈጥር ቤት ከሶፋ ይልቅ ይመቻል። ወለል ላይ በቀጥታ የሚነጠፍ ከሆነ ግን ከስሩ አየር አይገባም፤ በክረምት ይሻግታል። ዝቅ ያለ የእንጨት ርብራብ ከስሩ ይሠራለት። ሽፋኑም ዚፕ ኖሮት የሚወልቅና የሚታጠብ ይሁን።

የሶፋው ውስጥ በሦስት ይከፈላል፦ ፍሬም፣ ተሸካሚ፣ ስፖንጅ። ፍሬሙ የእንጨት አጽሙ ነው። ተሸካሚው ላስቲክ ወይም ስፕሪንግ ይሆናል፤ አንዳንዱ ጣውላ ብቻ ይረብርብና ስፖንጅ ይጭንበታል፣ ያ ይጎረብጣል። ስፖንጅ የሚለካው በዴንሲቲ ነው። ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ለመቀመጫ ከ30 ባይወርድ እመርጣለሁ። ለመደገፊያ 20 አካባቢ ይበቃል። ውፍረት ዴንሲቲን አይተካም፤ ወፍራም ግን ቀላል የሆነ ስፖንጅ በወራት ውስጥ ይተኛል። በቡጢ ጫኑትና ልቀቁት። ጣውላው ከተሰማችሁ ወይም ቶሎ ካልተመለሰ ሌላ ጠይቁ።

የሶፋ መቀመጫ ከወለል ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። አዛውንት ያሉበት ቤት ወደ 45ቱ ይጠጋ፤ ዝቅ ካለ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚነሡት። የመሐል ጠረጴዛው ከመቀመጫው ጋር ቢስተካከል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው፤ ከሶፋው እስከ ጠረጴዛው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። የምግብ ጠረጴዛ ቁመት 75 ገደማ ነው። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስድስት ሰው ለማስቀመጥ፣ በየጎኑ ሦስት ከሆነ፣ 1.80 ርዝመት ማለት ነው።

ቡፌ ብርጭቆና ሳህን የሚቀመጥበት ባለመስታወት ቁም ሣጥን ነው፤ ቲቪ ስታንድ ደግሞ ዝቅ ያለው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ። ቲቪ ስታንዱ ላይ ገመድ ማሳለፊያ ቀዳዳ ከጀርባው ይቀደድ። የተረሳ ጊዜ ሰው ራሱ በቢላ ይቀድደዋል፤ ከዚያ ጠርዙ ይፈረፈራል።

ረከቦት ስታስቡ ሙቀቱንም አስቡ። የከሰል ምድጃ ኤምዲኤፍ አጠገብ መቀመጥ የለበትም፤ ንጣፉ ይነሣል፣ ይገረጣል። ለቡና ማፍያ የሚሆን ጥግ ሴራሚክ ወይም ሊሾ (ልሙጥ ሲሚንቶ) ወለል ላይ ለዩ። ከላዩ የሚንጠለጠል መጋረጃም አይኑር።

እዚህ ላይ በርጩማን ሳላነሳ አላልፍም። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ባለሦስት እግር መቀመጫ ነው። መጋጠሚያ የለውም፤ ምስማርም ሙጫም የለውም። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ አይንቀጠቀጥም፤ ሦስቱም መሬት ይይዛሉ። መደገፊያ ያለውም አለ፤ እሱም ከዚያው ከአንዱ ግንድ ነው የሚወጣው። ገበያ ወጥታችሁ ስትመርጡ ከላይ ያለውን ማማር አትዩ፤ ገልብጡት። እግሮቹ ከመቀመጫው የሚነሡበት ቦታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካለ አይያዝ። የግንዱ መሐል ነጥብ መቀመጫው ላይ ከዋለ ሲደርቅ ስንጥቁ ከዚያ ነው የሚነሣው። ነጣ ያለው ክፍል ላይ ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት ካለ ነቀዝ ገብቷል። ቤት ከወሰዳችሁት በኋላ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ሳሎናችሁን በውድ ፈርኒቸር ከመሙላታችሁ በፊት ሁለት ጥሩ በርጩማ ግዙ። የሌላ ከተማ ሰው ፈልጎ የሚገዛው ዕቃ ነው፤ እኛ እጃችን ላይ ነው ያለው።

አራተኛ፦ መኝታ ቤት

ራስጌ፣ ግርጌ፣ ርብራብ፦ የአልጋ ሦስቱ ዋና ቃላት ናቸው። ርብራቡ ፍራሹን የሚሸከመው ነው። በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ይኑር፤ ፍራሹ እንዲተነፍስ ነው። በሙሉ ሰሌዳ የተዘጋ አልጋ ጅማ ላይ ፍራሹን ከስር ያሻግተዋል። ሜትር ከሃምሳና ከዚያ በላይ ከሆነ መሐሉ ላይ እግር ያለው ተሸካሚ ይግባ።

ኮመዲኖ ከአልጋው ጎን የምትቀመጠው ትንሿ ባለመሳቢያ ናት፤ ቁመቷ ከፍራሹ ጋር ይስተካከል። ቁም ሳጥን 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል፤ ካነሰ በማንጠልጠያ የተሰቀለ ኮት በሩን ይገፋል። በሩ ተከፋች ወይም ተንሸራታች ይሆናል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ተንሸራታቹ ይሻላል።

ቁም ሳጥኑን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። በተለይ የውጭ ግድግዳ ከሆነ ከጀርባው ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ልብሱ ሽታ ካመጣ በኋላ ነው የምታውቁት።

አምስተኛ፦ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ መስኮት

ይሄን ባጭሩ። ኮርኒስ ከቆርቆሮው ስር ያለው የውስጥ ጣሪያ ነው፤ ከቺፑድ፣ ከጨርቅ ወይም ከጂፕሰም ይሠራል። ጂፕሰም ያምራል፤ ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቆርቆሮው ይጠገን። አንድ ጊዜ የፈሰሰበት ጂፕሰም ቢጫ እድፍ ይይዛል፣ ይፈረፈራልም። ሊሾ ልሙጥ የሲሚንቶ ወለል ነው። ስቱኮ ግድግዳው ከመቀባቱ በፊት ወጣ ገባውን የሚያለሰልሰው ነው።

ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም በውሃ የሚቀጠነው፣ ዘይት ቀለም የሚያብረቀርቀውና በእርጥብ ጨርቅ የሚጸዳው ነው። ከስሩ እርጥበት በሚስብ ግድግዳ ላይ ዘይት ቀለም አታስቀቡ። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋውና ይነፋዋል፤ ዎልፔፐርም ያው ነው፣ ይላቀቃል። መጀመሪያ የእርጥበቱን ምንጭ ፈልጉ፦ የቦይ ውሃ ወደ ግድግዳው ይመጣል ወይ? የውጭው አፈር ከወለሉ ከፍ ብሏል ወይ?

መጋረጃ ስታሰፉ ጨርቁ ከዘንጉ ርዝመት ሁለት እጥፍ ይሁን። 3 ሜትር ዘንግ ካለ 6 ሜትር ጨርቅ፤ ካነሰ ሲዘጋ ተወጥሮ ይቀራል። ዘንጉ ከመስኮቱ በሁለቱም ጎን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ቀን ሲሰበሰብ ብርሃኑን አይጋርድም። ክረምት ሙሉ ሲደምን ይህ ለውጡ ይታያል።

ስድስተኛ፦ ማጠናቀቂያው

ሥራው ካለቀ በኋላ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ቫርኒሽ ይቀባል ወይም ስፕሬይ ይደረጋል። ስፕሬይ በዝናብ ቀን ባይደረግ ነው የምመክረው። እርጥብ አየር ላይ የተረጨ ቫርኒሽ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ለማስለቀቅ እንደገና መሥራት ነው። አናጢው «ነገ ይደርሳል» ብሎ በሐምሌ ዝናብ ከሚረጨው ይልቅ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቆ ሦስት ቀን ቢያዘገይ ይሻላል። እናንተም አታጣድፉት። የማይታየው ጀርባና ስሩም አንድ እጅ ቫርኒሽ ይቀባ፤ እርጥበት የሚገባው ባልተቀባው ጎን ነው፣ እንጨቱም በዚያ በኩል ይጣመማል።

ሰባተኛ፦ በቃል ሳይሆን በወረቀት

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የተነጋገራችሁት ይጻፍ። አናጢውን ማስቀየም አይደለም፤ ደህና ባለሙያ እንዲያውም ይወደዋል። በአክብሮት ነው የሚጠየቀው፦

«ጋሼ፣ እንዳንረሳው ብቻ ትንሽ እንጻፈው።»
«ጻፊው እህቴ፣ እኔም ይሻለኛል።»

የሚጻፈው ይህን የመሰለ ነው፦ «ባለሦስት በር ቁም ሳጥን፤ ወርድ 1.80፣ ቁመት 2.10፣ ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር። አካሉ 18 ሚሊ ሜትር ሜላሚን ኤምዲኤፍ፣ ጀርባው 3 ሚሊ ሜትር። ጠርዞቹ በሙሉ፣ የታችኛው ጭምር፣ ኤጂንግ ይደረግባቸዋል። 10 ሳንቲ ሜትር የብረት እግር። ሁለት መሳቢያ፣ ባለሀዲድ። ማጓጓዝና ቤት ድረስ መግጠም በሠሪው።» ከዚያ ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የሚደርስበት ቀን፣ የሁለታችሁ ፊርማ። ማጓጓዙ ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቅ ስለሆነ አይዘለል። የመጨረሻውን ክፍያ ዕቃው ቤት ገብቶ ከተገጠመ በኋላ አድርጉት።

ቫርኒሽ ከመቀባቱ ወይም ጨርቅ ከመልበሱ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት። የሶፋ ፍሬም ጨርቅ ከለበሰ በኋላ የሚታይ ነገር የለውም። ፎቶ አንሱ። ጣውላው ያው የተስማማችሁበት መሆኑን፣ መጋጠሚያው በሙጫና በብሎን መሆኑን፣ ምስማር ብቻ አለመሆኑን ተመልከቱ።

ዕቃው ቤት ሲደርስ በሮቹን ሁሉ ክፈቱና ዝጉ። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ እግሩን አስተካክሉት፤ የተዛነፈ ቁም ሳጥን በሩ በራሱ ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሩን ከፍታችሁ አየር ይግባው፤ የሙጫውና የቀለሙ ሽታ እስኪወጣ ልብስ አትደርድሩበት። በሩ ትንሽ ከወረደ ማጠፊያው ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቪት ጠበቅ አድርጉ። ካልተስተካከለ አናጢውን ጥሩት፤ ወረቀቱ ላይ መግጠም በሱ ነው ተብሏልና።